አራት ጣት የሚወፍር ልቦለድ

መጻፍ የጀመሩ ልጆች አልፎ አልፎ እየመጡ፣ ረጅም ልቦለድ ቶሎ ለመጨረስ ምን ይሻላል ብለው ይጠይቁኛል። አንዱ ማለዳ መነሳት ይረዳ እንደሆነ ያማክረኛል፤ ሌላው ሲጋራ ልጀምር ወይ ይለኛል። እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ እሱም ፍርሃት ነው። ከልቡ የፈራ ሰው እጁ አይዝልም፣ ሐሳብ አያጥረውም፤ ቢያጥረውም ባዶ ወረቀት ለመሙላት የማይፈነቅለው ድንጋይ የለም። በሕይወቴ የጻፍኩት ረጅም ልቦለድ አንድ ብቻ ነው። የጻፍኩትም ላሊበላ፣ በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ክረምት፣ እየፈራሁ ነው።

ያኔ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባልደረቦቼ ወደየአገራቸው ሄዱ፤ እኔ ግን ክረምቱን ጋደም ብዬ ላሳልፍ ብዬ ቀረሁ። ሰነፍ ሰው እንዲህ ነው የሚያዘው። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። የወረዳችን ካድሬ ጓድ ይርጋ ተነስቶ፣ ለአብዮት በዓል እያንዳንዱ ወረዳ አንድ የጥበብ ሥራ እንዲያቀርብ ከላይ መታዘዙን ነገረን። ጎረቤት ወረዳ የኪነት ቡድን አለው፤ ከዚያ ማዶ ያለው ደግሞ ሥዕል እያሠራ ነው። እኛስ ምን አለን ሲል ጠየቀ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሁሉም ሰው መሬት መሬት ያያል። ዳይሬክተራችን መሬት ማየት ሰልችቶት ይሁን ምን እንጃ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አንድ ጊዜ ለወላጆች ቀን ግጥም ጽፌ ነበር። ያችን ግጥም ባሰብኩ ቁጥር እጄን ቁረጠው ቁረጠው ይለኛል።

ጓድ ይርጋ ግን ግጥም አጭር ነው ብሎ አልፈለገውም። ረጅም ልቦለድ ይጻፍ አለ። ምን ያህል ይርዘም ብዬ ስጠይቀው አውራ ጣቱን አጥፎ እጁን ጠረጴዛው ላይ በጎን አቆመና «አራት ጣት» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

«አልችልም ብትል ምን ነበረበት?» ትሉኝ ይሆናል። እሱንስ ለጂኦግራፊ አስተማሪያችን ብትነግሩት ነበር። ያ ሰው አንድ ቀን እያስተማረ ሳለ «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ተብሎ ጠመኔውን እንደያዘ ወጣ፣ አልተመለሰም። ሰሌዳው ላይ የጀመረው ካርታ እንዲሁ እንዳለ ቀረ፤ ላጥፋው ያለ ሰው አልተገኘም። እኔ ያንን ካርታ እያየሁ ነበር ስምና ግስ የማስተምረው።

በዚያ ላይ የምኖርበት ቤት ራሱ የሚያስፈራ ነው። የምኖረው በእማማ የሺ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት፣ ከላይኛው ክፍል ነበር። እማማ የሺ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ደምሌ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ደምሌ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ በተጠራ ማግስት ጠፋ። የጠፋው ግን ለጓድ ይርጋ ነው እንጂ ለሰፈሩ አልጠፋም። ከገነተ ማርያም በላይ ካለው ገደል፣ ዋሻ ውስጥ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ስንቁንም ተራ ገብተው ያደርሱለታል። እኔም አውቅ ነበር። ማወቄን ግን ለራሴም አልነግረውም። በእንቅልፌ እንዳልለፈልፍ ፈርቼ አፌን በሻሽ አስሬ የተኛሁበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ በዚህ ቤት ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ታሪኩ ቀላል ነው፤ የገበሬዎች ማኅበሩ በሬ ይሰረቃል፣ የሰረቀው የቀድሞው ባላባት ነው፣ ጀግናው ገበሬዎቹን አስተባብሮ በሬውን ያስመልሳል። አንድ ማለዳ ጻፍኩና ጨረስኩት። በጣቴ ብለካው ጣት ቀርቶ ጥፍርም አይሞላ። ያን ጊዜ ነው ልቦለድ የማወፈር ጥበብ የተገለጠልኝ።

መጀመሪያ ጀግናውን ረጅም ስም ሰጠሁት። «ጓድ አብዮት ድል ነሳ፣ የሰፊው ሕዝብ ልጅ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ «እሱ» የሚባል ነገር የለም። ጓድ አብዮት ድል ነሳ፣ የሰፊው ሕዝብ ልጅ፣ ተነሳ። ጓድ አብዮት ድል ነሳ፣ የሰፊው ሕዝብ ልጅ፣ ፊቱን ታጠበ። ሲያስነጥሰውም በሙሉ ስሙ ነው የሚያስነጥሰው። በዚህ ብቻ ግማሽ ጣት አገኘሁ።

ቀጥሎ ሰላምታ መጣልኝ። የላስታ ሰው ሰላም ሲባባል ታውቃላችሁ፤ ከሰውየው ይጀምርና ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ላሟን፣ ጥጃዋን፣ ገብሱን፣ ዝናቡን ጠይቆ፣ አለቀ ስትሉ እንደገና ከሰውየው ይጀምራል። ለእያንዳንዱም መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እኔ በልቦለዴ ውስጥ ሰላም ሳይባባሉ የሚተላለፉ ሁለት ሰዎች አልነበሩኝም። ሌባውና ጀግናው እንኳ ጠብ ከመጀመራቸው በፊት ስለ ጥጃ ተጠያየቁ።

መንገዱም አለ። ጀግናዬን ራቅ ካለችው ብልባላ አስቀመጥኩትና ለያንዳንዱ ጉዳይ ላሊበላ ድረስ በእግሩ አመላለስኩት። በቅሎ አልሰጠሁትም፤ በቅሎ ቶሎ ያደርሳል። ዳገቱን አንድ በአንድ አስወጣሁት፣ ቁልቁለቱን አንድ በአንድ አስወረድኩት። ላሊበላ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ከዘራውን ቤት መርሳቱ ትዝ ይለውና ይመለሳል። ምስኪን ጀግናዬ በዚያ ክረምት የተጓዘውን ያህል የተጓዘ ነጋዴ አላውቅም።

በመካከሉ ጓድ ይርጋ የደረስክበትን አሳየኝ አለኝ። ወስጄ ሰጠሁት። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የወረደ ጉም ከተማውን ሲሸፍን ገጽ በገጽ የገለጽኩበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመና፣ ይህ ጉም የምን ጉም ነው አለኝ። ዝም ብሎ ጉም ነው አልኩት። ዝም ብሎ ጉም የለም አለ። ቤቴ ሄጄ ፀሐይ ወጥታ ጉሙን ስታባርረው የሚያሳይ ሌላ ምዕራፍ ጨመርኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን»ን ደግሞ በሙሉ በቀይ ሰርዞ መለሰልኝ፤ ልቦለዴ ባንድ ቀን ከሳ። ግን ፍርሃት መላ አያጣም፤ በያንዳንዱ ቦታ «ለአብዮታችን ምስጋና ይድረሰው» ብዬ ተካሁና የከሳው መልሶ ወፈረ።

ይህን ሁሉ አድርጌ ሁለት ጣት ሆነ። በዓሉ እየቀረበ ነው። እንቅልፍ የለኝም፣ እህል አይወርድልኝም። ያን ጊዜ ነው አውጫጭኝ ትዝ ያለኝ።

የማታውቁት ካላችሁ ላስረዳችሁ። ገጠር ውስጥ ከብት ተሰርቆ ሌባው ካልታወቀ፣ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሽማግሌዎች ፊት አንድ በአንድ እየተነሳ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልጠረጠርኩም፤ ባውቅ አልደብቅም» እያለ ምሎ ይቀመጣል። በመጨረሻ የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ሹክ ይላል። ይህን ሰው «ወፍ» ይሉታል፤ ማን እንደሆነም ለማንም አይነገርም። እስቲ ፍረዱኝ፣ አራት ጣት የታዘዘ ሰው ይህን የመሰለ ሲሳይ አግኝቶ ያልፈዋል? ሰፈሩን በሙሉ ሜዳ አወጣሁትና አንድ በአንድ አስነሳሁት። እያንዳንዱ ከነአባቱ ከነአያቱ ተጠርቶ ይነሳል፣ ሽማግሌዎቹን ሰላም ይላል፣ አላየሁም አልሰማሁም ይላል፣ ይቀመጣል። ወፉን ግን አላመጣሁትም። ወፉ ከመጣ ምዕራፉ ያልቃላ።

የቸገረኝ ስም ብቻ ነበር። የማውቀውን ስም ሁሉ ስጨርስ ቅዳሜ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። ወደ ገበያ የሚያልፈውን እያየሁ መጻፍ ነው። ጎረቤታችን ገበሬው አያ ሞላ አህያቸውን እየነዱ አለፉ፣ ጻፍኳቸው። የገነተ ማርያሙ ቄስ አባ ተክሌ ጃንጥላቸውን ይዘው አለፉ፣ ጻፍኳቸው። ከታች እማማ የሺ ሽንብራ ሲያሰጡ አየሁ፤ እሳቸውንም ጻፍኩ። ሰው ፈርቶ ሲቸኩል የሚያደርገውን አያውቅም።

ልቦለዱን በነሐሴ አጋማሽ አስረከብኩ። ጓድ ይርጋ እጁን አቁሞ ለካው፤ ከአራት ጣት አልፎ አውራ ጣቱን ነካ። ፊቱ በራ፣ ጨበጠኝ። እፎይ ብዬ ልወጣ ስል «አነበዋለሁ» አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው ተቀምጦ ያነበዋል የሚል ሐሳብ ባጠገቤም አላለፈ። የጻፍኩት እኮ ሊለካ ነው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የቀበሌው ተላላኪ በራችን ላይ ቆመና «ጓድ መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አለ። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ሁለት ሱሪ ደርቤ ለበስኩ። ሁለት ካልሲ አደረግኩ። ጋቢዬን አጣጥፌ በብብቴ ያዝኩ። እማማ የሺ አንዲትም ነገር ሳይጠይቁኝ በሶ በትንሽ ከረጢት ቋጥረው ሰጡኝና «አብሽር ልጄ» አሉኝ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የተንቀጠቀጠው ለእኔ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ፤ የኔ አፍ ከተከፈተ ዋሻውም ይከፈታል።

ጓድ ይርጋ ልቦለዱን አውጫጭኙ ላይ ገልጦ ጠበቀኝ። ሰዎቹ በእውነት ያሉ ሰዎች መሆናቸውን አጣርቷል። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው አብዮቱ ፊት ተነስቶ አላየሁም፣ አልሰማሁም ይላል። የሚያውቅ እያለ ወፍ አይመጣም። ይህ ሰፈር የሚደብቀው ምንድን ነው፣ ጓድ መምህር?»

ምን ልበል? ገጽ ለማብዛት ነው ብል የአብዮቱን ወረቀት በአሻጥር የፈጀሁ ልሆን ነው። አውቄ ነው ብል ደግሞ አለቀልኝ። ላቤ በሁለቱም ሱሪ ዘለቀ። እሱም ጥቂት አየኝና፣ ግድ የለም፣ በመጪው ቅዳሜ ሰዎቹን ገበያው ሜዳ ላይ ሰብስቦ በራሳቸው ልማድ በአውጫጭኝ እንደሚጠይቃቸው ነገረኝ። ስማቸውን የሚጠራው ከልቦለዴ ላይ ነው።

ቤት ስገባ እማማ የሺ በቁማቸው ይጠብቁኛል። የእርስዎንም የጎረቤቶቹንም ስም መጽሐፍ ውስጥ ጽፌዋለሁ፣ ቅዳሜ በአውጫጭኝ ልትጠየቁ ነው አልኳቸው። አለመንገር አልቻልኩም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የነገርኳቸው። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስማችንን ብቻ ነው ወይ ብለው ነው። ስማችሁን ብቻ አልኳቸው። ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ጎረቤት ወጡ። እኔ በሶዬን ታቅፌ ቀረሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጓድ ይርጋ ሜዳው ላይ ጠረጴዛ አስወጥቶ ልቦለዱን አስቀመጠ፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሣሪያ ይዘው ከጎኑ ቆሙ። እኔ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሜ እቆጥር ጀመር። አንዱ ይሳሳታል፣ አንዱ ይፈራል፣ አንዱ ይናገራል፤ ከዚያ ደምሌም፣ እማማ የሺም፣ ስንቅ ያቀበሉትም፣ እኔም አለቀልን። የሁሉንም ስም ለጠረጴዛው ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የተጠሩት አያ ሞላ ናቸው። ተነሱና ጓድ ይርጋን ሰላም ማለት ጀመሩ። እንዴት ሰነበቱ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ አሉት። ከብት የለኝም አላቸው። አንድ ጥጃም የለዎት? አሉና ከልባቸው አዘኑለት፤ ጥጃ የሌለው ሰው ክረምቱን እንዴት እንደሚያልፈው እያሰቡ ቆዩ። ከዚያ የአባታቸውን ጥጃ፣ የአያታቸውን ጥጃ አነሱ። ጓድ ይርጋ ወደ ነገሩ ይግቡ ሲላቸው እሺ ብለው ሰላምታውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። በመጨረሻ እጃቸውን አንስተው «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልጠረጠርኩም፤ ባውቅ አልደብቅም» አሉና ተቀመጡ።

ቀጥሎ አባ ተክሌ ተነሱ። ከገነተ ማርያም እንዴት እንደመጡ ከበራቸው ጀምረው ተረኩ። ዳገቱን ወጡት፣ ቁልቁለቱን ወረዱት፣ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር እስኪጎድል ጠበቁ። ከተማው ሊገቡ ሲሉ መቋሚያቸውን ረስተው መምጣታቸው ትዝ አላቸውና ተመለሱ። እዚህ ላይ ጠጉሬ ቆመ። እነዚህ ሰዎች ልቦለዴን አላነበቡም፤ አብዛኞቹ ፊደል አይለዩም። ለካ እኔ ፈጠርኩት ብዬ የተኩራራሁበት ዘዴ ሁሉ ከነሱ ሰምቼ የወሰድኩት ኖሯል። እኔ ገጽ የሞላሁበትን እነሱ ቀን ገፉበት። አባ ተክሌ ሲጨርሱም ያንኑ ቃል ብለው ተቀመጡ።

እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሰፈሩ ተነሳ ተቀመጠ። ጓድ ይርጋ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ያዳምጣል፤ ቃሉ ከልቦለዱ ፍንክች አይልም። ጉም ወረደ። ካፊያ ጀመረ። እሱም ወረቀቱን በኮቱ ይሸፍናል፣ ይገልጣል። ከዚያ «የሺ» ብሎ ጠራ።

እማማ የሺ ተነሱ። እሱ ሰላምታ አልጠበቀም። «ልጅሽ የት ነው?» አለ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ስሙን የጠራችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ እማማ የሺ። «ከዚያ ወዲህ አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልጠረጠርኩም። እናንተ ካያችሁት ንገሩኝ፤ እናቱ ነኝ።»

ጓድ ይርጋ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አንተ ያንን ቤት ነው የምትኖረው፣ ተነስ አለኝ። ተነሳሁ። አምስት ጣት የሚጠጋ የጻፍኩት ሰው፣ ከዘራ አስረስቼ ሰው የማመላልሰው፣ የምጨምረው አንዲት ቃል አጣሁ። ሰላምታው ጠፋኝ። አያቴ ማን እንደነበር ጠፋኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያየኛል፤ እማማ የሺ ግን አላዩኝም፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት ያያሉ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልጠረጠርኩም» አልኩ። ባውቅ አልደብቅም የሚለውን እንኳ ረሳሁት። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ጓድ ይርጋ ሕዝቡን አየ፣ ልቦለዱን አየ፣ ሁለቱን ጠባቂዎች አየ። ወፍ እስኪመጣ ጠበቀ፤ አልመጣም። ዝናቡን ከወረቀቱ ላይ ሲጠርግ የሱም እጅ እንደ እማማ የሺ እጅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንድ ሰፈር ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ሰው ሲደብቅብኝ ኖረ ብሎ ወደ ላይ ቢጽፍ፣ አንተ የት ነበርክ ብለው ለአምስት ደቂቃ የሚፈልጉት እሱን ነው። እስከዚያ ቀን የምፈራው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልቦለዱን ዘጋና፣ ጓድ መምህሩ የሰፊውን ሕዝብ እውነተኛ ሕይወትና አነጋገር ሳያዛንፍ ያሳየ ሥራ እንዳቀረበ ተረጋግጧል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብኩ።

በበዓሉ ቀን ልቦለዴ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ለእይታ ቀረበ። ከአውራጃ የመጡት እንግዶች በተራ እየቀረቡ በጣታቸው ለኩት፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉ። የገለጠው ሰው የለም። እማማ የሺ በስተመጨረሻ ቀስ ብለው መጡና ከጎኔ ቆሙ። መጽሐፉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ።

«ደምሌ አለበት?»

«የለበትም እማማ።»

«አንድም ቦታ ላይ?»

«አንድም ቦታ ላይ።»

በመዳፋቸው ሽፋኑን ዳበስ አደረጉት።

«እንግዲያስ ጥሩ መጽሐፍ ነው» አሉኝ።